መድኃኒቱ ለታመመ ይቆይ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







ዶሮ ርባታ ለብዙ አባላት ቤተሰብ የቅርብ ገቢ ነው። እንቁላሉ ደብተርና ዘይት ይገዛል፤ ዶሮው ለበዓል ገበያ ይወጣል። ይሁን እንጂ ፈንግል አንዴ ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱ ባዶ ይቀራል። ይህን ያየ ገበሬ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ላልታመሙት ዶሮዎች ጭምር በመኖና በውኃ ቢሰጥ ኪሳራ ፈርቶ ነው። ልማዱ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ከዶሮ ቤቱ አልፎ ጤና ጣቢያ ድረስ ስለሚሄድ በዚህ መድረክ ሊነሳ ይገባል።

አንቲባዮቲክን ከመኖ ጋር መቀላቀል የተጀመረው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ የተባሉ ተመራማሪዎች ክሎርቴትራሳይክሊን ሲመረት የሚተርፈውን ዝቃጭ ለጫጩቶች በመኖ ቢሰጡ ጫጩቶቹ ፈጥነው አደጉ። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ በየአገሩ ተስፋፋ። ዶሮው የሚያገኘው መጠን ግን በሽታ ለማዳን የማይበቃ፣ ባክቴሪያን ለማለማመድ ግን የሚበቃ ነበር።

አሠራሩን ለመረዳት ገበሬ ዘር የሚመርጥበትን መንገድ ማሰብ ይበቃል። ገበሬ ጠንካራውን እሸት ለዘር እንደሚያስቀር ሁሉ፣ በየቀኑ በጥቂቱ የሚሰጥ መድኃኒትም ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ጠንካራውን ለዘር ያስቀራል። የተረፈው ይራባል። መድኃኒቱን የመቋቋም ባሕርዩንም አጠገቡ ላለ ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ያካፍላል። ከዚያም በኩስ፣ በእጅ፣ በውኃና በደንብ ባልበሰለ ሥጋ ወደ ሰው ይሻገራል።

ይህም በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 ዶክተር ስቱዋርት ሌቪና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ በአንድ ገበሬ ግቢ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት መኖ የተሰጣቸው ዶሮዎች በአንድ ሳምንት ገደማ አንጀታቸው መድኃኒቱን በሚቋቋም ባክቴሪያ ተሞላ። ከአምስትና ስድስት ወር በኋላ ደግሞ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ባልወሰዱት በግቢው ነዋሪዎች ላይ በብዛት ተገኘ። መኖው ሲቋረጥ ግን በስድስት ወር ውስጥ ከአብዛኞቹ ሰዎች ጠፋ።

ዴንማርክም የሚያጽናና ምሳሌ ናት። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1995 አቮፓርሲን የተባለውን የመኖ መድኃኒት ከለከለች፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ በሆስፒታል ለከባድ ሕመም ከሚሰጠው ቫንኮማይሲን ጋር ተዛማጅ ነው። በዚያ ዓመት ከሥጋ ዶሮዎች ተወስደው ከተመረመሩት ኢንቴሮኮከስ ፌሲየም የተባሉ ባክቴሪያዎች ውስጥ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ከመቶ ከ70 በላይ ነበሩ፤ በ2000 ከመቶ ከ6 በታች ወረዱ። የዶሮዎቹ ሞት አልጨመረም፤ የጨመረው ዶሮው ለመድለብ የሚበላው መኖ ነው፤ እሱም በጥቂቱ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያነት መጠቀምን ሙሉ በሙሉ ከለከለ።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሞቱት መድኃኒት በተቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሆነ ተገምቷል።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላም ኪሳራ አለ። ፈንግል የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ቴትራሳይክሊን ቫይረስን አይገድልም። ጫጩቶችን ደም የሚያስቀምጣቸው ኮክሲዲያም ባክቴሪያ ሳይሆን ራሱን የቻለ መድኃኒት ያለው ጥገኛ ተሕዋሲ ነው። ስለዚህ የሰው ካፕሱል ፈልቅቆ በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ገንዘብን ማባከን፣ ባክቴሪያንም ማጠንከር ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ክትባት ይቅደም። የፈንግል ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። ክትባቱ ግን በየዓይነቱ በሚያስፈልገው ቅዝቃዜ ተይዞ በወቅቱ ቀበሌ ካልደረሰ ዋጋ የለውምና፣ እዚህ ላይ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ ከፍተኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን፤ መጠጫው በየቀኑ ይታጠብ፤ ከገበያ የመጣ ዶሮ ለብቻው ይቆይ።

ሦስተኛ፣ ዶሮ ሲታመም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ። ባለሙያው አንቲባዮቲክ ካዘዘ በታዘዘው መጠንና ለታዘዘው ቀን በሙሉ ይሰጥ። በመግለጫው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍም እንቁላሉም ሥጋውም ለገበያ አይውጣ፤ ለቤትም አይዋል።

አራተኛ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚያቀነባብሩት መኖ በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ማዕድናት የተመጣጠኑበት እንጂ ለጤነኛ ዶሮ አንቲባዮቲክ የሚቀላቀልበት አይሁን። ከውጭ የሚገዛ ቅልቅልም ይዘቱ ተጠይቆና ተነብቦ ይገዛ።

ኅብረት ሥራ ማለት የጋራ ሀብትን በጋራ መጠበቅ ነው። የሚሠራ መድኃኒትም የጋራ ሀብት ነው። አንዱ አባል ያለ አግባብ ሲያባክነው፣ ነገ የጎረቤቱ ልጅ ሲታመም መድኃኒቱ ላይሠራለት ይችላል። ዩኒየኑ ማዳበሪያንና ምርጥ ዘርን በሥርዓት ለአባላቱ እንደሚያዳርስ ሁሉ፣ ይህንንም ሀብት በሥርዓት ማስያዝ ይገባዋል።