ኡኡታ የማይሰማበት ቤት
(ስለ እሳት አደጋ ደወል በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በአገራችን ቤት እሳት በተነሣበት ጊዜ የመጀመሪያው ደወል የሰው ጉሮሮ መሆኑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጭሱን ያየች እናት ደጅ ወጥታ «ኡኡ!» ባለች ጊዜ ጎረቤቱ እንስራውንና ባልዲውን፥ መጥረቢያውንና እርጥብ ቅጠሉን ይዞ ይደርሳል። ትናንት ከእርስዋ ጋር የተጣላም ቢሆን ኡኡታ ሰምቶ ከቤቱ የሚቀር የለም፤ ቢቀር በመንደሩ ዘንድ ስሙ ይጠፋል። ይህ የቆየ ሥርዓት ለጎጆና ለጭቃ ቤት የሚበቃ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን የሐዋሳን ከተማ ተመልከቱ። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ወደ ሐይቁ ስትወርዱ በግራና በቀኝ ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል፥ ባንክና የንግድ ሕንፃ ቆሞ ታያላችሁ። በታኅሣሥና በሐምሌ ገብርኤል፥ እንዲሁም በፍቼ ጨምበላላ በዓል ሰሞን፥ ሆቴሎቹ ደረጃው በየት በኩል እንደሆነ በማያውቅ እንግዳ ይሞላሉ። በ6ኛው ፎቅ በርና መስኮቱን ዘግቶ የተኛ መንገደኛ በምድር ቤት የምትጮኸውን ወጥ ቤት ሠራተኛ ሊሰማ አይችልም። ስለዚህ ሕንፃው ራሱ ጉሮሮ እንዲኖረው ያስፈልጋል ማለት ነው። የእሳት አደጋ ደወል የምንለውም ይኸው ነው።

ጉሮሮ የሌለው ሕንፃ ምን እንደሚያደርስ የታወቀው ከብዙ ዘመን በፊት ነው (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እናገራለሁ)። በ1903 ዓ.ም. መጋቢት 16 ቀን በኒው ዮርክ ከተማ ትራያንግል የተባለው የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ። ፋብሪካው የአንድን ሕንፃ 8ኛ፥ 9ኛና 10ኛ ፎቅ የያዘ ነበር። እሳቱ ከ8ኛው ፎቅ ሲነሣ ለ10ኛው ፎቅ በስልክ ተነገረ፤ የፋብሪካው ሹማምንት የሚቀመጡትም እዚያ ነበር። በመካከሉ ባለው በ9ኛው ፎቅ ይሠሩ ለነበሩት ልጃገረዶች ግን የነገራቸው አልነበረም፤ ወሬውን የሰሙት ከእሳቱ ከራሱ ነው። አንደኛውም በር ተቆልፎ ስለነበረ 146 ሰዎች ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ የሆነ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በ1985 ዓ.ም. ግንቦት 2 ቀን በታይላንድ አገር፥ ከባንኮክ ከተማ አጠገብ፥ ካዴር በተባለው የአሻንጉሊት ፋብሪካ እሳት ተነሣ። በአንድ ግቢ ውስጥ ካሉት ሕንፃዎች በሁለቱ ደወሉ ስለ ጮኸ ሠራተኞቹ ወጥተው ዳኑ፤ በመጀመሪያው ሕንፃ ግን ደወሉ ዝም አለ። 188 ሰዎች በዚያ ቀን ሞቱ፤ የሚበዙትም ሴቶች ነበሩ። ቀኑ አንድ፥ ግቢው አንድ፥ አሠሪው አንድ ሆኖ ሳለ ደወሉ የጮኸለትና ያልጮኸለት ሰው ዕድል ይህን ያህል ተለያየ።

ይሁንና ደወሉ መጮኹ ብቻውን አይበቃም። በ2005 ዓ.ም. ኅዳር 15 ቀን በባንግላዴሽ፥ በዳካ ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው ታዝሪን በተባለው የልብስ ፋብሪካ፥ ደወሉ በሚገባ ጮኾ ነበር። ሠራተኞቹ ሊወጡ ሲነሡ ግን አንዳንድ አለቆች «ወደ መኪናችሁ ተመለሱ» ብለው እንደ መለሱአቸው ከሞት የተረፉት መስክረዋል። ቢያንስ 112 ሰዎች ሞቱ። እኔ ይህን ባነበብሁ ቁጥር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ያቺ ደወሉን ሰምታ፥ ገብቷት፥ ተነሥታም ሳለ በሰው ቃል የተቀመጠችው ልጅ ነገር ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ለሐዋሳ ምንዋ ነው የሚል ቢኖር፥ ዘመድዋ ነው ብዬ እመልስለታለሁ። በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ 5 ቀን በዚያው በባንግላዴሽ 29 ሠራተኞች የሞቱበት ፋብሪካ ልብስ ይሰፋላቸው ከነበሩት ነጋዴዎች አንዱ ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ከዚያ በኋላ በ2004 ዓ.ም. ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ስለ እሳትና ስለ ሕንፃ ደኅንነት ውል ተፈራረመ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ሲመረቅ ዋናው ባለ ሀብት ሆኖ የመጣው ይኸው ኩባንያ ነው። በ2014 ዓ.ም. የራሱን ፋብሪካ ዘግቶ ቢሄድም ሼዶቹ እዚያው ናቸው። ፓርኩ ሲታቀድ እስከ 60,000 ሠራተኛ እንዲይዝ ታስቦ ነበር፤ ከሠራተኞቹም የሚበዙት ከሲዳማና ከአጎራባች ገጠሮች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከመካከላቸው በሕይወትዋ መጀመሪያ የገባችበት ትልቅ ሕንፃ ያ ሼድ የሆነች ብዙ አለች። ቀይዋን ሣጥን መስተዋትዋን ገፍታ ደወሉን እንድታስጮኽ መብት እንዳላት፥ ያለ አለቃ ፈቃድ መውጣትም እንደምትችል፥ በሥራዋ በመጀመሪያው ቀን በምትሰማው ቋንቋ ሊነገራት ይገባል።

ስለ ዕቃው ሥራ ጥቂት ልናገር። በኮርኒሱ ላይ የምታዩአቸው ክብ ዕቃዎች አንዳንዶቹ ጭስን፥ አንዳንዶቹ ሙቀትን የሚያውቁ ናቸው። ወሬውን በሽቦ ወደ አንድ ዋና ሰሌዳ ይልካሉ፤ ሰሌዳውም ደወሉን ያስጮኻል። በብዙ አገር የሚሠራበት የአሜሪካኖች ደንብ፥ የኤሌክትሪክ ኃይል በጠፋ ጊዜ ባትሪው ሰሌዳውን 24 ሰዓት ሲጠብቅ ቆይቶ ከዚያም በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ የማስጮኽ ኃይል እንዲቀርለት ያዝዛል። መብራት በየጊዜው ለሚጠፋበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጄኔሬተር አለን ብሎ ባትሪውን የሚንቅ የሆቴል ባለቤት ጄኔሬተሩ ራሱ ሊቃጠል እንደሚችል ረስቷል። ሰው በሚተኛበት ክፍል የደወሉ ድምፅ በትራሱ ዘንድ 75 ዴሲቤል እንዲደርስ ይፈለጋል፤ በመኝታ ክፍል ልኩ የሚታወቀው በኮሪደሩ ሳይሆን በራስጌው ነው። የስፌት መኪና በሚጮኽበት አዳራሽና ጆሮው ለማይሰማ ሰው ደግሞ ብልጭ የሚል መብራት ይጨመራል።

የእኛ አገር ሕንፃ አንድ የተለየ ችግር አለው፤ ይኸውም ዕጣን ነው። በሆቴሉ መግቢያ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ቡና በሚፈላበት ስፍራ ጭስ የሚያውቅ ዕቃ የሰቀለ መሐንዲስ ደወሉን በቀን ሦስት ጊዜ ያስጮኸዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ አንዱ ዘበኛ ወንበር ላይ ወጥቶ ዕቃውን በፌስታል ይሸፍነዋል። መፍትሔው ቡናውን መከልከል አይደለም፤ በዚያ ቦታና በወጥ ቤቱ ሙቀት የሚያውቀውን ዓይነት መስቀል ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፥ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የእሳት መከላከያን ከሕንፃ ግዴታዎች መካከል አስገብቶታል። ነገር ግን አዋጅ የሚመረምረው ሕንፃው ሲሠራ ነው። ደወል የሚሞተው በኋላ፥ በአቧራና በቸልታ ነው። እንግሊዞች በየሳምንቱ አንድ ቀይ ሣጥን ተጭነው ይፈትናሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላውን። ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የሚያስፈልገው አንድ መዝገብና አንድ ብዕር ነው።

እኔ ራሴ በሐዋሳ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆቴል አርፌ ሳለ፥ ከእንግዳ መቀበያው ኋላ ያለው ሰሌዳ ቢጫ መብራት ሲያበራ አየሁ። ቢጫ ማለት «ታምሜአለሁ» ማለት ነው። ወጣቱን ተረኛ ብጠይቀው «ጋሼ፥ እንግዳ እየረበሸ ስላስቸገረን ድምፁን አጥፍተነው ነው» አለኝ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ? እርሱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት። በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁን አነጋገርሁት፤ ሰውዬው ተቆጣ፥ ቀጥሎም አፈረ፥ ባለሙያም አስጠራ።

ከጥቂት ወር በኋላ ስመለስ ደወሉን በጠዋቱ ፈተኑት። እንግዳው ጋቢውን እንደ ለበሰ፥ አንዳንዱም እያጉረመረመ፥ ወደ ግቢው ወረደ፤ ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ይዞ ስም ጠራ። ሁለት ሰዎች ጎደሉ። ወጥተው ቢያዩአቸው አንደኛው በመታጠቢያ ቤት ሻወር ላይ ነበር፤ ውሃው በሚፈስበት ጊዜ ደወሉ ከዚያ አይሰማም። ሁለተኛዋ አሮጊት ነበሩ፤ ድምፁን ሰምተው «የገብርኤል ደወል መስሎኝ ተነሥቼ ጸሎት ያዝሁ» አሉ። በዚያው ሳምንት በመታጠቢያ ቤቶቹ አጠገብ ሌላ ድምፅ ማሰሚያ ተጨመረ፤ በየክፍሉም በር ጀርባ በአማርኛና በሲዳምኛ «ይህ ደወል ሲጮኽ በደረጃው ውረዱ፤ አሳንሰር አትጠቀሙ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ።