መኪናዋ ለምን አልነሳ አለች?

(በዓመታዊው የአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል ሰው ሲነሳ አዳራሹ ማዛጋት እንደሚጀምር እናውቃለን። የገቢና ወጪ ሠንጠረዡ ግን ታትሞ በየእጃችሁ ደርሷል፤ ዛሬ የምንናገረው ስለ ፒካፓችን ነው። «የተሽከርካሪ ጥገና» የሚለው መስመር ከበጀቱ ማለፉን ያያችሁ ደጋፊዎቻችን ምክንያቱን ጠይቃችኋል። መልሱ በአንድ መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ነው ይህን ሰዓት የለመንነው።

መኪናዋን ታውቋታላችሁ። የናፍጣ ናት፤ ዕድሜዋ ከብዙዎቻችን ልጆች ይበልጣል። የፋርጣ ድንችና እንቁላል ጭና ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ትወርዳለች፤ አዲስ ዘመን ገበያ ታራግፋለች፤ ስትመለስ የፎገራ ሩዝ ትይዛለች። ጣራ ገዳም ግርጌ ባለው ግቢያችን ስታድር ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ደብረ ታቦር ስታድር ግን «ቀጭ» ትልና ዝም። ያኔ ጫኝና አውራጁ፣ አባላቱ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ተሰብስቦ መግፋት ነው። ቁልቁለት ላይ በማርሽ ስትለቀቅ ወዲያው ትነሳለች። አንድ ቀን ስንገፋ ያዩን ሽማግሌ «ጋፋት ቅርብ ነው፤ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ እየጎተታችሁ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብን። እኛም ሳቅን። በገና ዋዜማ ግን የሳቀ አልነበረም። እንቁላሉ ሌሊት ተጭኖ መኪናዋ አልነሳም አለች፤ መንገዱ በጭነት መኪና ተዘግቶ ስለነበር መግፋትም አልተቻለም። አዲስ ዘመን ስንደርስ የዶሮ ወጡን እንቁላል ያልገዛ ቤት አልነበረም። የተረፈውን በረከሰ ዋጋ ሸጥን፤ የእናንተን ድርሻ የቀነሰው አንዱ ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደ ደረሰኞቹ። በ14 ወር ውስጥ ሁለት አዲስ ባትሪ ተገዝቷል። ሞተሪኖው አንዴ ወርዶ ታድሷል። (ሞተሪኖ መካኒኮች ቁልፍ ሲዞር ዋናውን ሞተር የሚያሽከረክረውን ትንሽ ሞተር የሚጠሩበት ስም ነው። እንደ ካንዴላ ሁሉ ከጣሊያንኛ የቀረ ቃል ነው።) ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ መኪናዋ ለጥቂት ሳምንት ደህና ትሆናለች፤ ከዚያ ደግሞ ያው ቀጭ። የጥገና በጀቱ በስምንተኛው ወር አለቀ።

ሒሳብ የሚይዝ ሰው እንዲህ ያለ መዝገብ ሲያይ ምን እንደሚያስብ እንንገራችሁ፤ ሌብነት ነው የሚያስበው። አንድ ዓይነት ወጪ፣ አንድ ጋራዥ፣ አንድ ሾፌር። «ሾፌሩ ከጋራዡ ጋር ተስማምቶ ነው» የሚለው ሹክሹክታ ከአባላት መካከል ጀመረ፤ እኛም አልከለከልነውም። እንዲያውም ሾፌሩ ከሥራ እንዲታገድ ለአመራሩ የሚቀርብ ደብዳቤ አርቅቀን በኮምፒውተር አስቀምጠን ነበር። ሰውዬው እዚህ ተቀምጠው እየሰሙን ነው፤ ደብዳቤውን ቀደም ብለን ራሳችን አሳይተናቸዋል።

ደብዳቤው ያልወጣው በአንዲት ልጅ ምክንያት ነው። የአባላችን ልጅ ናት፤ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ ትማራለች። በጥር ወር አንድ ጠዋት እናቷን ልትሸኝ መጥታ ስንገፋ አገኘችን። «ቆይ፣ አትግፉ» አለች። ቀጥላም ለሾፌሩ፦ «ጋሼ፣ የፊት መብራቱን ያብሩና ቁልፉን ያዙሩልኝ» አለቻቸው። ቀጭ። መብራቱ ግን አልደበዘዘም። «ባትሪው አይደለም» አለች።

እኛ ከባትሪው በቀር ሌላ ነገር ጠርጥረን ስለማናውቅ ምክንያቷን እንድትነግረን ጠየቅናት። ያስረዳችን እንዲህ ነው። የፊት መብራት ለአንዱ 5 አምፔር ያህል ይበቃዋል፤ የናፍጣ መኪና ሞተሪኖ ግን ከ200 አምፔር በላይ ይስባል። ባትሪው የደከመ ቢሆን ሞተሪኖው ሊስብ ሲሞክር መብራቱ ጭል ጭል ብሎ ይሞት ነበር። መብራቱ ካልደበዘዘ ኃይሉ ባትሪው ውስጥ አለ፤ ወደ ሞተሪኖው ግን አልሄደም። መኪናዋ በግፊት ወዲያው የምትነሳ መሆኑ ደግሞ ናፍጣውም ሞተሩም ጤነኛ መሆናቸውን ይናገራል።

ከጓደኛዋ ቴስተር ተውሳ መጣች። ባትሪውን ለካች፤ 12.6 ቮልት። በሙሉ ተሞልቶ ያረፈ ባትሪ የሚያሳየው ይህንን ነው። ቁልፉ ሲዞር ለካች፤ ምንም ያህል አልወረደም። ሞተሪኖ በትክክል ሲሠራ ባትሪው ወደ 10 ገደማ መውረድ ነበረበት። ከዚያ አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጋ ቁልፉን አስዞረች። ኤሌክትሪኩ ሄዶ የሚመለሰው በዚሁ በኩል ስለሆነ፣ መንገዱ ንጹሕ ከሆነ በሁለቱ መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ መታየት የለበትም። ቴስተሩ ከአራት በላይ አሳየ። የባትሪ ማገናኛ ገመድ አምጥታ ከኔጌቲቩ ወደ ሞተሩ ብረት በቀጥታ አገናኘች። «አሁን ያዙሩት።» ሞተሩ ነጎደ።

ጥፋቱ መካኒኮች ማሳ የሚሉት፣ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ነበር። ሞተሩ ላይ የሚታሰርበት ብሎን ላልቶ፣ ዘይትና ዝገት በልቶት ነበር። አወረደችው፤ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተገችው፤ የገመዱን ጫፍ ቀየረች፤ አጥብቃ አሰረችው፤ ግራሶ ቀባችው። የገመዱ ጫፍ የወሰደው ጥቂት ብር ነው፤ ደረሰኙ ከፋይሉ አለ።

ደብረ ታቦር ላይ ብቻ ለምን? ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጠዋቱን ቁር አንነግራችሁም። በብርድ የሞተር ዘይት ይወፍራል፤ ሞተሪኖው ለማሽከርከር የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። በጠባብ በር አንድ ሰው ያልፋል፤ የተጫኑ አህዮች ግን ይጣበቃሉ። አዲስ ዘመን ሙቀት ውስጥ የላላው ብሎን እንደምንም ያሳልፍ ነበር። ብርድ ባትሪንም ስለሚያደክም ሁላችንም ባትሪውን መክሰሳችን ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠን ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ጥገና ለምን ለጥቂት ሳምንት ሠራ? ባትሪ ሲቀየር ገመዱ ይጎተታል፤ የላላው ጫፍ ተንቀሳቅሶ ያልዛገ ብረት ይነካል። ሞተሪኖው ሲወርድና ሲመለስም እንዲሁ። መኪናዋ ተነሳች፤ መካኒኩም እኛም «ተገኘ» አልን። መካኒኩ ሌባ ይሁን አይሁን ዛሬም መናገር አንችልም፤ በቅንነት የተሳሳተም ሰው ያንኑ ደረሰኝ ነበር የሚያመጣው። ይህን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብን እኛ ነን። ሒሳብ ስንማር መጀመሪያ የሚነገረን፣ ሚዛኑ ገጠመ ማለት መዝገቡ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ሁለት ስሕተቶች ተቻችለው ሊያስገጥሙት ይችላሉ ተብሎ ነው። በወረቀት ላይ ስናየው እናውቀዋለን፤ ኮፈን ሥር ስናየው አላወቅነውም።

ማሳው ብቻ አይደለም በሽታው። ሞተሪኖው በደንብ እያሽከረከረ ሞተሩ ካልተነሳ የናፍጣውን መስመር ማየት ነው፤ ፊልትሮው ውኃ ይዞ ወይም አየር ገብቶ ይሆናል። ብርድ ላይ ደግሞ ሞተሩን ቀድመው የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች ተቃጥለው ሊሆን ይችላል።

አሁን ጋቢናው ውስጥ ደብተር አለ። መኪናዋ እንቢ ስትል ሾፌሩ መጀመሪያ የሰሙትን ይጽፋሉ፤ ቀጭ አለች? አሽከረከረች? ወይስ ፍጹም ዝም? መብራቱ ደበዘዘ ወይስ አልደበዘዘም? ማኅበሩ ቴስተር ገዝቷል። የክፍያ ማዘዣ የምንፈርመው የቴስተሩ ቁጥር ተጽፎ፣ የወረደው አሮጌ ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ዕቃ መመለሱ ሾፌሩን ለመጠርጠር የመጣ መስሏቸው የተከፉ ነበሩ፤ ሾፌሩ ራሳቸው ናቸው «ለኔ ነው የሚበጀኝ» ያሉት።

«ሞቷል» ተብሎ ከወረዱት ባትሪዎች ሁለተኛው መጋዘናችን ውስጥ ወድቆ አገኘነው። አስሞልተን ሦስት ቀን አሳድረን ስንለካው 12.5 አሳየ። ዛሬ የእንቁላል መጋዘኑን መብራት የሚያበራው እሱ ነው። የመጀመሪያው ግን ጋራዡ ጋር ቀርቷል፤ ያኔ ይመለስልን ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።