የኦዲት ፈተና ለምን ይከብዳል? ሰበካ ጉባኤስ ከዚህ ምን ይማራል?

(በገላን ኮንዶሚኒየም ለካህናት፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ላይመስል ይችላል። በዚህ በገላን ኮንዶሚኒየም ቀን ቀን በአቃቂና በቃሊቲ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች፣ ወይም ራቅ ብለው በመሀል ከተማ መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ ሲሠሩ ውለው፣ ማታ ደግሞ ለሙያ ፈቃድ ፈተና የሚያጠኑ ልጆች አሉን። ከእነርሱ ጋር ስንነጋገር ደጋግመን የሰማነው ቃል አንድ ነው፤ «ሌላውን አልፌአለሁ፤ ኦዲቱ ግን አስቀረኝ» ይላሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ወድቀው ለቤተሰባቸው ሳይናገሩ ጥናቱን የተዉም አሉ።

እኛም ይህን በሰማን ጊዜ ራሳችንን ጠየቅን። ስለ ሒሳብ ብዙ የሚያውቅ ልጅ በሒሳብ ምርመራ ለምን ይሰናከላል? መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው ነገር ስለ ልጆቹ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰበካችንም የሚናገር ሆኖ ስላገኘነው በፊታችሁ ልናቀርበው ወደድን።

ፈተናው ምንድር ነው?

በአገራችን የሒሳብ አያያዝና የኦዲት ሙያ የሚመራው በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። አዋጁን የሚያስፈጽመውና ኦዲተሮችን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ወደ ሙያው ለመግባት ብዙ ወጣቶቻችን የሚይዙት መንገድ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. በለንደን የተመሠረተው ኤሲሲኤ የተባለው የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠው ፈተና ነው። ፈተናዎቹ በጠቅላላው 13 ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የኦዲትና የማረጋገጫ ፈተና ይባላል፤ 3 ሰዓት ይፈጃል፣ ከ100 ይታሰባል፣ የሚያልፈው 50 ያመጣ ነው። ከ100ው 30ው በምርጫና በአጭር መልስ ሲሆን 70ው ግን ተፈታኙ ራሱ እያብራራ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ነው።

የዚህ ፈተና ውጤት በዓለም ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ካሉት ፈተናዎች አንዳንዶቹን ከ100 ተፈታኞች ከ80 በላይ ሲያልፏቸው፣ የኦዲቱን የሚያልፉት ብዙ ጊዜ በ40 አካባቢ ናቸው። ከፍ ባለው ደረጃ የሚሰጠው የኦዲት ፈተና ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። እንግዲህ የገላን ልጅ ሲወድቅ ብቻውን አልወደቀም። ወላጆች ይህን እንድታውቁልን እንለምናለን።

ሸክሙ ግን እዚህ ይብሳል። ክፍያው በእንግሊዝ ፓውንድ የሚተመን ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የወደቀ ሁሉ እንደገና ይከፍላል። ፈተናው በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣል፤ የኅዳሩ በጾመ ነቢያት፣ የየካቲቱም ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ይውላል። ልጁ ጾሞ፣ ሥራ ውሎ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ ማታ መጽሐፍ ይገልጣል።

ለምን ይከብዳል?

የመጀመሪያውን ምክንያት ከአብነት ትምህርት ቤታችን በተወሰደ ምሳሌ ብንናገር ካህናት አባቶች ፈጥነው ይረዱናል። በንባብ ቤት ዳዊት የደገመ ልጅ ቅኔ ቤት ሲገባ የያዘው ሁሉ ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን አይበቃውም። መምህሩ «ያጠናኸውን በል» አይለውም፤ «ከራስህ አምጣ» ይለዋል። የሒሳብ መዝገብ ትምህርትም እንዲሁ ነው። ግራና ቀኙ እኩል ከመጣ ተማሪው መልሱን እንዳገኘ ያውቃል። በኦዲት ጥያቄ ግን እኩል መምጣቱ የጥያቄው መጀመሪያ ነው። ሐሰተኛ መዝገብም እኩል ሊመጣ ይችላልና።

ፈታኙ የአንድ ድርጅትን ታሪክ በአንድ ሁለት ገጽ ያቀርባል። ዕቃ የሚያዝዘውም፣ የሚረከበውም፣ በመዝገብ የሚያሰፍረውም አንድ ሰው ነው እንበል። ተማሪው «ቁጥጥሩ ደካማ ነው» ብሎ ቢጽፍ ምንም ያህል ነጥብ አያገኝም። ድክመቱ የትኛው እንደሆነ፣ ከእርሱ ምን ጉዳት እንደሚመጣ፣ እንዴትስ እንደሚታረም አንድ በአንድ መለየት አለበት። «ያልመጣ ዕቃ እንደመጣ ተቆጥሮ ሊከፈልበት ይችላል፤ ስለዚህ ርክክቡን ከማዘዙ የተለየ ሰው ይፈርምበት» ሲል ነው ነጥብ የሚቆጠርለት።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ብዙዎችንም የሚጥለው፣ የምርመራው አቅጣጫ ነው። ይህን በሰበካ ሒሳብ እናሳይ። ገንዘብ ያዡ የገቢ ደረሰኝ ጉርድና የገቢ መዝገብ አለው። ከመዝገቡ ተነሥተን ወደ ደረሰኙ ብንሄድ፣ የተመዘገበው ገንዘብ በእርግጥ ደረሰኝ እንዳለው እናውቃለን። ነገር ግን ደረሰኝ ተቆርጦለት ሳይመዘገብ የቀረ ገንዘብ ቢኖር በዚህ መንገድ ፈጽሞ አናገኘውም፤ በመዝገቡ ላይ የለምና። እርሱን የሚያገኘው ከደረሰኙ ተነሥቶ ወደ መዝገቡ የሚሄድ፣ የጥራዙንም ተከታታይ ቁጥር የሚቆጥር ነው። በወጪ ደግሞ ሥጋታችን ያልተደረገ ወጪ ተመዝግቦ መገኘቱ ስለሆነ፣ ከመዝገቡ ተነሥተን ወደ ፋክቱሩ፣ ከፋክቱሩም ወደ ተገዛው ዕቃ እንሄዳለን። ሰነዶቹ ያው ናቸው፤ መነሻው ሲለወጥ የሚመለሰው ጥያቄ ይለወጣል። ተማሪው «ደረሰኙን ከመዝገቡ ጋር አመሳክራለሁ» ብሎ ብቻ ሲጽፍ ፈታኙ «ከየትኛው ተነሥተህ? ምን ለማወቅ?» ይለዋል። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ቢያጠና አይጠቅመውም።

ሦስተኛው ምክንያት ከአስተዳደጋችን ጋር የተያያዘ ነው። ሙያው ከኦዲተር የሚጠይቀው አንድ ጠባይ አለ፤ የተነገረውን ሁሉ እንደ እውነት አለመቀበል፣ ሰውንም እንደ ሐሰተኛ አለመቁጠር፣ ነገር ግን ማስረጃ መጠየቅ። በእኛ ዘንድ ግን ታላቅን «ያሳዩኝ» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። አባት ከተናገሩ በቃ። እንዲህ ያደገ ልጅ በፈተና ወረቀት ላይም «ሥራ አስኪያጁን እጠይቃለሁ» ብሎ ያቆማል። የሥራ አስኪያጁ ቃል ግን ብቻውን ከማስረጃዎች ሁሉ ደካማው ነው።

ይህ የባዕድ አገር ጥርጣሬ ብቻ እንዳይመስለን አንድ የታወቀ ነገር እናንሣ። በ2020 እ.ኤ.አ. ዋየርካርድ የተባለ የጀርመን የክፍያ ኩባንያ በሒሳቡ ያሰፈረው 1.9 ቢሊዮን ዩሮ ሊገኝ አልቻለም። ገንዘቡ አለባቸው የተባሉት ሁለት የፊሊፒንስ ባንኮች ኩባንያው ደንበኛቸው እንዳልሆነ፣ የቀረበውም ሰነድ ሐሰተኛ እንደሆነ ተናገሩ። ኩባንያው በዚያው ወር ለኪሳራ ተዳረገ። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 505 ኦዲተሩ ማረጋገጫ ከባንክ ሲጠይቅ ጥያቄውን ራሱ እንዲልክ፣ መልሱም በቀጥታ ለእርሱ እንዲደርስ የሚያዝዘው ስለዚህ ነው። ወደ ሰበካችን ስናመጣው ትርጉሙ ቀላል ነው፤ የባንኩን መግለጫ ገንዘብ ያዡ ይዞት ከሚመጣው ቅጂ ብቻ ሳይሆን ከባንኩ ራሱ መቀበል ይገባል።

«እርስ በርሳችን መተማመን አይበቃንም ወይ?»

ይህን ጥያቄ በየሰበካው ሰምተናል፤ በቅንነትም የሚጠየቅ ነው። አንዳንዶች ማስረጃ አድርገው መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 12ን ይጠቅሳሉ። በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ቤተ መቅደሱ ሲታደስ፣ ለሠራተኞቹ ገንዘብ የሚያድሉትን ሰዎች በታማኝነት ስለሠሩ ማንም ሒሳብ አልተቆጣጠራቸውም ይላል። እውነት ነው፤ እንዲህ ተጽፏል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ያለውን እናንብብ። ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አምጥቶ ክዳኑን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ገንዘቡ በበዛ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት መጥተው ቆጠሩት፣ በከረጢትም አሰሩት። አንድ ሰው ብቻውን አልቆጠረም፤ ሣጥኑም ያለ ክዳን አልተቀመጠም። መተማመኑ የመጣው ከዚህ ሥርዓት በኋላ ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲልክ ከቲቶ ጋር በአብያተ ክርስቲያናት የተመሰገኑ ወንድሞችን ጨመረ። ምክንያቱንም ሲገልጥ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን ማሰብ እንደሚገባ አስተምሯል። የእኛ የዲያቆናት አገልግሎት ራሱ የተጀመረው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው በዕለት ዕለት እደላ መበለቶች ተዘነጉብን የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ነው። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን አልገሠጹም፤ ቅሬታውን ሰምተው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። ኦዲት የሚለው ቃልም በላቲን መስማት ማለት ነው። በጥንት ጊዜ ሒሳብ በቃል ሲነበብ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ነበርና።

እኛም በራሳችን ላይ የደረሰውን አንሰውርም። በአንድ ወቅት ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና የደንብ ልብስ አድለን ነበር። ኦዲተሩ መጥቶ የተቀባዮቹን ፊርማ ጠየቀን። ለመንደሩ ሁሉ አንድ አባት ፈርመው ስለነበር ያንኑ አሳየነው። እርሱም በትሕትና፣ «ይህ እንደታደለ አባ መናገራቸውን ያሳየኛል፤ ልጆቹ መቀበላቸውን አያሳየኝም» አለን። በጊዜው ተቆጣን፤ አባን የናቃቸው መሰለን። በኋላ ግን ቤት ለቤት ሄደን ስንጠይቅ ስማቸው ተጽፎ ሳለ ምንም ያልደረሳቸው ልጆች አገኘን። የሰረቀ ሰው አልነበረም። በዕደላው ዕለት በሕመምና በሥራ ምክንያት የቀሩ ነበሩ፤ ድርሻቸውም በመጋዘን ተቀምጦ ተረስቶ ነበር። ያ ሰው ባይጠይቀን ኖሮ እነዚያ ልጆች በወረቀት ላይ ለብሰው በእውነት ግን ታርዘው ይቀሩ ነበር።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የምጽዋት ሣጥን ሲከፈትና ገንዘቡ ሲቆጠር፣ ሰበካ ጉባኤው ፈቅዶ ምሥጢር የመጠበቅን ግዴታ ካስገባቸው በኋላ፣ የሒሳብ ተማሪ የሆኑ ሁለት ወጣቶች ይገኙ። በመጽሐፍ ያነበቡትን ቁጥጥር በዓይናቸው ያያሉ። ቆጠራውም ምስክር ያገኛል።

ሁለተኛ፣ በየሩብ ዓመቱ የባንኩን መግለጫና የሰበካውን መዝገብ የማስታረቅ፣ የደረሰኝ ጥራዞችን በተከታታይ ቁጥራቸው የመቁጠር፣ በስእለት የገቡትን መጋረጃ፣ ምንጣፍና ጃንጥላ ከንብረት መዝገቡ ጋር የማመሳከር ሥራ ይሰጣቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ይታወቅ። ይህ ልምምድ እንጂ ኦዲት አይደለም። የኦዲት አስተያየት የሚሰጠው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። የገንዘብ ያዡ የክርስትና ልጅ ወይም ዘመድም የእርሱን መዝገብ አይመርምር። ልጁ ታማኝ ባይሆን ሳይሆን፣ ቅርበቱ ዓይኑን ስለሚይዘው ነው። ይህም በፈተናው የሚጠየቅ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ በሳምንት ሁለት ምሽት የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለጥናት ይከፈትላቸው። በጠባብ ቤት ከታናናሾቻቸው ጋር ለሚኖሩት ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ሙያውን ጨርሳችሁ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶችም የጻፉትን መልስ አንብባችሁ አርሙላቸው። ይህ ፈተና በማንበብ ብቻ አይታለፍም፤ በመጻፍና በመታረም እንጂ።

አራተኛ፣ ለእናንተ ለተማሪዎች። በእያንዳንዱ መልስ «የትኛው ሰነድ? ከየት ወደ የት? ምን ለማወቅ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ፈታኞቹ ከፈተና በኋላ ተማሪዎች የተሳሳቱበትን ዘርዝረው የሚያወጡትን ሪፖርት አንብቡ፤ በነፃ ይገኛል። ብትወድቁም አትደበቁ። ለንስሐ አባታችሁም ለወላጆቻችሁም ንገሩ። በአንድ ፈተና መውደቅ ነውር አይደለም።

ለአባቶቻችንም አንድ ልመና አለን። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነገ መዝገብ ይዞ ፊታችሁ ቢቆምና «አባቴ፣ ይህን ቢያሳዩኝ» ቢላችሁ፣ ደፈረኝ አትበሉ። ቁጭ አድርጋችሁ አሳዩት። ይህች ቤተ ክርስቲያን የቆመችው የቤት ኪራዩን ከፍሎ፣ ከቀረችው ደመወዝ ቆንጥሮ በሰጠ ምእመን ገንዘብ ነው። ጌታችን በመቅደስ ሣጥን አንጻር ተቀምጦ ሕዝቡ ገንዘብ ሲጥሉ ይመለከት እንደነበረ፣ የድኃዪቱንም መበለት ሁለት ሳንቲም ለይቶ እንዳየ ወንጌላዊው ማርቆስ ጽፎልናል። እርሱ ያያትን ሳንቲም እኛ የት እንደደረሰች ማወቅ ይገባናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።