መነጽር የሚያደርግ የሞተር ብስክሌት አሽከርካሪ አገጩ የሚከፈት ሄልሜት እንዴት ይምረጥ?

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለሕዝብ ክፍት በሆነ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



ርእሱ ከአንድ የፊዚክስ መምህር የሚጠበቅ እንዳልሆነ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ሁለት ምክንያቶች አሉኝ። አንደኛው፣ ከተማሪነት ዘመኔ ጀምሮ መነጽር የማደርግና ለብዙ ዓመታት በሞተር ብስክሌት ወደ ሥራ የተመላለስሁ ሰው መሆኔ ነው። ሁለተኛው፣ ከአገጬ ሥር ያለው ጠባሳ ነው።

ጠባሳው የመጣው እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የነሐሴ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ እየነዳሁ ሳለ መነጽሬ በትንፋሼ እንፋሎት ተሸፈነ። ያደረግሁት ሄልሜት አገጩ ወደ ላይ የሚከፈት፣ በተለምዶ ሞዱላር የሚባለው ዓይነት ነበር። መንገዱ እንዲታየኝ ብዬ ከፈትሁትና መንዳቴን ቀጠልሁ። ብዙም ሳልርቅ የፊት ጎማዬ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ተንሸራተተና ወደቅሁ። ፍጥነቴ አነስተኛ ነበር። ራሴን ሄልሜቱ አዳነልኝ፤ አገጬን ግን የሚያድን አልነበረም፤ መከላከያው ከግንባሬ በላይ ተሰቅሎ ነበርና። ስድስት ጊዜ ተሰፋሁ። ሄልሜት አድርጌ ነበር፤ የሚያስፈልገኝ ክፍል ግን በሚያስፈልገኝ ሰዓት ቦታው ላይ አልነበረም።

የዛሬው ሐሳቤ ከዚህ የመነጨ ነው። ከማየትና ከመጠበቅ አንዱን እንድንመርጥ የሚያስገድደን ሄልሜት፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወደድ፣ መነጽር ለምናደርግ ሰዎች የሚሆን አይደለም።

የሄልሜት ጥቅም ራሱ አከራካሪ አይደለም። “የዓረቢያው ሎውረንስ” በሚል ስም የሚታወቀው ቲ. ኢ. ሎውረንስ በግንቦት 1935 እ.ኤ.አ. ከሞተር ብስክሌቱ ወድቆ በስድስተኛው ቀን ሲሞት፣ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበሩት ሂዩ ኬርንስ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ማጥናት ጀመሩ፤ ስለ ሄልሜት አስፈላጊነትም በ1941 አሳተሙ። በ2008 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ደግሞ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ዕድል በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ደምድሟል። ነገር ግን እነዚህ አኃዞች የሚናገሩት ራስ ላይ ስለዋለ ሄልሜት እንጂ ክንድ ላይ ስለተንጠለጠለ ሄልሜት አይደለም።

ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን ሄልሜት ለማጥለቅ መነጽርን ማውለቅ፣ ከዚያም በጠባቡ ክፍተት መልሶ ማስገባት ግድ ይላል። ነዳጅ ለመቅዳት በቆምን ቁጥር፣ የትራፊክ ፖሊስ ባነጋገረን ቁጥር ይኸው ይደገማል። አገጩ የሚከፈተው ሄልሜት ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ ቢኤምደብሊው “ሲስተም” ያለውን ተከፋች ሄልሜት ያወጣው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ለእኛ የተመቸ ዓይነት መሆኑ እርግጥ ነው። ጥያቄው ከዓይነቱ መካከል የትኛው የሚለው ነው።

የመጀመሪያው መመዘኛ ምልክቱ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 22 መሠረት የተፈተነ ሄልሜት፣ በአገጭ ማሰሪያው ላይ በተሰፋ ጨርቅ ላይ በክብ ውስጥ ያለች የላቲን “ኢ” ፊደልና የአገር ቁጥር ይኖረዋል፤ 1 ጀርመን፣ 3 ጣሊያን ነው። ቀጥሎ ያሉትን ፊደላት አንብቡ። “ፒ” ማለት የአገጩ ክፍል ተፈትኖ መከላከያነቱ ተረጋግጧል ማለት ነው። “ኤን ፒ” ማለት አገጩ አለ፣ ግን አይከላከልም ማለት ነው። “ጄ” ያለ አገጭ መከላከያ የሚደረግ ሄልሜትን ያመለክታል። “ፒ” እና “ጄ” በአንድነት ካሉ ሄልሜቱ ተዘግቶም ተከፍቶም ተፈትኗል። ይህ ግን ተከፍቶ አገጭን ያድናል ማለት አይደለም፤ የእኔ ጠባሳ ምስክር ነው። የአሜሪካው “ዶት” ምልክት በበኩሉ አምራቹ ራሱ የሚሰጠው ማረጋገጫ ሲሆን፣ ደንቡ የአገጩን ክፍል አይፈትንም። ስለዚህ ተከፋች ሄልሜት ለሚገዛ ሰው ብቻውን በቂ አይደለም።

ሁለተኛው መመዘኛ ልክ ነው። ወደ ሱቅ ስትሄዱ ዘወትር የምታደርጉትን መነጽር አድርጋችሁ ሂዱ። የራሳችሁን ዙሪያ ከቅንድብ በላይ በሜትር ለኩ፤ ሄልሜቱን አጥልቃችሁ፣ አገጩን ዘግታችሁ፣ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ቆዩ። በመጀመሪያው ደቂቃ የማይሰማ ጫና በሃያኛው ራስ ምታት ይሆናል። ከጆሮ በላይ፣ የመነጽሩ ዘንግ በሚያልፍበት ቦታ፣ ስፖንጁ መተላለፊያ እንዲኖረው ያስፈልጋል። ዘንጉ ቀጭንና ቀጥ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ከጆሮ ኋላ የሚታጠፍ ዘንግ ለማስገባት ያስቸግራል። ራሳችሁን ወደ ግራና ቀኝ ስታወዛውዙ ሄልሜቱ ከቆዳችሁ ጋር ይንቀሳቀስ እንጂ ብቻውን አይዙር። መነጽሩ ከተጣመመ ሌንሱ ከዓይናችሁ ፊት ቦታውን ይለቃል፤ እይታም ይዛባል። ውስጠኛ የፀሐይ መከላከያ ካለው ዝቅ አድርጋችሁ መነጽራችሁን አለመንካቱን አረጋግጡ። “ሲለመድ ይሰፋል” የሚላችሁን ነጋዴ በከፊል ብቻ እመኑት፤ የጉንጩ ስፖንጅ ይላላል፣ በውስጡ ያለው ድንጋጤ የሚውጠው ጠንካራ ፎም ግን አይሰፋም።

ሦስተኛው ጉም ነው፤ እዚህ ላይ ፊዚክሱ ይረዳናል። ከአፋችን የሚወጣው አየር ሞቃትና በእርጥበት የተሞላ ነው። ከእርሱ የቀዘቀዘ ገጽ ሲያገኝ እርጥበቱ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይለወጣል። በሄልሜት ውስጥ እንዲህ ያሉ ገጾች ሁለት ናቸው፤ የፊት መስታወቱና መነጽሩ። “ፒንሎክ” የሚባለው ተጨማሪ ሽፋን በሁለት ንጣፎች መካከል አየር አፍኖ የፊት መስታወቱን ከቅዝቃዜ ይጠብቃል። መነጽሩን ግን አይጠብቅም፤ ብዙ ሰው ገዝቶ የሚያዝነው ይህን ባለማወቁ ነው። ለመነጽሩ የሚበጀው ትንፋሽን ወደ ታች የሚመልስ የአፍንጫ ሽፋንና ከአገጭ በኩል አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ነው። ስትገዙ ሁለቱም መኖራቸውን እዩ፤ የቀዳዳውን መክፈቻ በጓንት ሞክሩት።

ቀሪውን ባጭሩ ልበል። ተከፋች ሄልሜት አብዛኛውን ጊዜ ከሙሉው ይከብዳል፤ ድምፅም ያስገባል። መቆለፊያው ከብረት ቢሆን ይሻላል፤ ሁለቱም ወገን መያዙን በእጃችሁ ገፋ አድርጋችሁ ፈትሹ። ከወደቀ አደጋ በኋላ ውጪው ደህና ቢመስልም ሄልሜቱን ለውጡት።

በመጨረሻም የራሴን ልማድ ልንገራችሁ። ዛሬ መነጽሬ ጉም ሲለብስ አገጩን ከፍቼ አልነዳም፤ ዳር ይዤ እቆማለሁ፣ እከፍታለሁ፣ እወለውላለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ከዚያ እነሣለሁ። ሁለት ደቂቃ ይወስድብኛል፤ አንዳንድ ጊዜም ክፍል አርፍጄ እንድገባ አድርጎኛል። ተማሪዎቼ፣ ምክንያቱ ይኸው ነበር። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ፤ እኔ ከተቃጠልሁ በኋላ ተምሬዋለሁ፣ እናንተ ግን ቀድማችሁ ተማሩት።