የዕርቅ ጉርሻ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተሰማ የተማሪ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በአሜሪካ አገር፣ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ የሚኖሩትን ሁለት አጎቶቼን ልጠይቅ ሄጄ እስከ መስቀል ሰነበትሁ። የእናቴ ወንድም የወልቂጤ፣ የአባቴ ወንድም የቡታጅራ ልጅ ነው። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አንዱ ደገፈ፣ ሌላው ተቃወመ። በዚህ የተነሣ ተቀያይመው፣ ባንድ ሰፈር እየኖሩ ሰላምታ እንኳ አቋርጠው ነበር።

በጉራጌ ልማድ ግን ቂም ይዞ መስቀልን መዋል ነውር ነው። ስለዚህ በዋዜማው ምሽት ሽማግሌዎች ሁለቱን አስቀምጠው፣ በሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎ እንደሚደረገው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው በጸጥታ እንዲሰማ አደረጉ። «ሳትታረቁ የነገውን ክትፎ አንቀምስም!» አሏቸው። ሌሊቱ ሲጋመስ ተቃቀፉ። በማግሥቱም ታላቁ ለታናሹ ክትፎ በቆጮ ጠቅልሎ አጎረሰው።

ሐሳባቸውን ግን አንዳቸውም አልለወጡም!

ጓደኞቼ ሆይ፣ ሐሳብ ሳይጠፋ ጠብ እንደሚጠፋ ያን ቀን ተማርሁ። የአባቶቻችን ሥርዓት ባሕር ማዶ ከሠራ፣ በገዛ አገራችን ምክር ቤቶች ውስጥ ስለምን አይሠራም? ነገ በዚያ የምንቀመጠው እኛ ነንና፣ መደማመጥን ዛሬ በክፍላችን እንጀምር።

እግዚአብሔር ኢትዮጵያን ይባርክ።