ፊታችንን ሳናሳይ የምንሠራው ቪዲዮ ገንዘቡ የማን ነው?

(ለምዕራብ ሸዋ ወጣቶች የተደረገ ንግግር ጽሑፍ። አንብባችሁ ለጓደኛ አድርሱት።)

አካም ጅርቱ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከጌዶ፣ ከባኮ፣ ከሆለታ የምትከታተሉን ሁሉ እንደምን ናችሁ? ዛሬ በአማርኛ የማወራው ቋንቋችንን ሳይማሩ ያደጉ የኛው ልጆችም ስለሚከታተሉን ነው፤ እነሱንም ጥለናቸው አንሄድም።

ኢንቦክሳችንን ያጨናነቀው ጥያቄ አንድ ነው። «ፊቴን ሳላሳይ አጫጭር ቪዲዮ እየለቀቅኩ እንዴት ዶላር ላግኝ?» ጥያቄው አያሳፍርም። ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠ ልጅ በስልኩ እንጀራ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድም። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር እናስታውስ።

ፊት መደበቅ ለኛ አዲስ አይደለም። ህዳር 2 ቀን 2008 የጊንጪ ተማሪዎች ስለ ጭልሞ ደንና ስለ ኳስ ሜዳቸው ሲነሱ፣ ነገሩ ከከተማ ከተማ ሲዛመት፣ በስልኩ ቀርጾ የለቀቀው ልጅ ስሙን አልጻፈም፣ ፊቱንም አላሳየም። እንዳይታሰር ነው የተደበቀው። በቪው አንድ ሳንቲም አላገኘም፣ አልጠየቀምም። በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን ደግሞ የጀልዱው ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጁን አጣምሮ አሳየ። ጥቂት ሰከንድ ናት። ዓለም ሁሉ አያት፣ እሱ ግን በነጋታው አገሩ መመለስ አልቻለም። አጭር ቪዲዮ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከምዕራብ ሸዋ ልጅ በላይ ማን ያውቃል?

አሁን ደግሞ ስልካችሁን ክፈቱ። የሃጫሉ ፎቶ፣ ከሥሩ የሚያሳዝን ሙዚቃ፣ የሮቦት ድምፅ፣ «እስካሁን ያልተሰማው ምስጢር»። ሌላ ቻናል ትከፍታላችሁ፣ ያው ፎቶ፣ ያው ድምፅ። ምስጢሩ የለም። ባለቤቱም አይታወቅም። ሃጫሉ በሰኔ 22 ቀን 2012 ሲገደል በማግስቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ሰኔ 25 አምቦ ላይ ሲቀበር የአምቦ ወጣት በስልኩ የቀረጸውን ለማንም መላክ አልቻለም። ለሳምንታት አፋችን ተዘግቶ ቆየ። ያኔ መናገር ያልቻልነውን ሐዘን ዛሬ ማንነቱን የማናውቀው ሰው በኤአይ ድምፅ ሲቸረችረው እያየን ላይክ እናደርጋለን። ይባስ ብሎ ከኛው ልጆች አንዳንዱ «እኔም እንደሱ ልሥራ» ይላል።

እሺ፣ ክብሩን ለጊዜው እንተወው። ሒሳቡን ብቻ እንየው፤ ሒሳቡም አያዋጣም።

ዩቲዩብ ከማስታወቂያ እንዲያካፍልህ 1,000 ሰብስክራይበር ያስፈልግሃል። ከዚያ ላይ ወይ በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን የሾርትስ ቪው፣ ወይ በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የረዥም ቪዲዮ እይታ። አስሉት። 10 ሚሊዮን በ90 ቀን ማለት በየቀኑ ከ110,000 በላይ ነው፣ ለሦስት ወር ያለማቋረጥ። 4,000 ሰዓት ግን 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ተመልካች በአማካይ 4 ደቂቃ ከቆየልህ 60,000 እይታ ይበቃሃል። በሾርትስ መስመር ላይ የታየ ሰዓት ደግሞ ለዚህ አይቆጠርም። ስለዚህ ሾርትሱ ሰው መጥሪያ ይሁን፣ ቤቱ ረዥሙ ቪዲዮ ይሁን።

ደግሞ የምታዩት ቁጥር ራሱ ያታልላል። ከፈረንጆቹ መጋቢት 2025 መጨረሻ ጀምሮ ሾርትስ ገና ማጫወት ሲጀምር ቪው ተብሎ ይቆጠራል፤ ሰውየው በጣቱ ገፍቶት ቢያልፍም። ለክፍያና ለመስፈርቱ የሚያዘው ግን በትክክል ቆመው ያዩት ብቻ ነው። ስለዚህ «ሚሊዮን ገባሁ» ብሎ ስክሪንሾት የሚለጥፈውን ሁሉ አትመኑት።

ክፍያው እንዴት ነው? የሾርትስ ማስታወቂያ ገንዘብ በየአገሩ ተጠራቅሞ ለቻናሎች በዚያ አገር ባላቸው የቪው ድርሻ ይደለደላል፤ ከደረሰህ ላይ 45 በመቶውን አንተ ትወስዳለህ። በረዥም ቪዲዮ ላይ ከሚታየው ማስታወቂያ 55 በመቶ ነው። አያችሁ፣ ተመልካችህ የት አገር እንዳለ ወሳኝ ነው። ማስታወቂያ ነጋዴው ለአምቦ ተመልካች የሚከፍለውና ሚኒሶታ ላለው ዘመዳችን የሚከፍለው አንድ አይደለም። ሚኒሶታ ያለው ደግሞ የሮቦት ድምፅ አልናፈቀውም። የናፈቀው የጉደር ገበያ ነው፣ የባኮ በቆሎ ነው፣ የደንዲ ሐይቅ ጠዋት ላይ ጉም ሲለብስ ነው፣ እናቱ የምትናገርበት አነጋገር ነው። ይህን ማን አለው? እናንተ አላችሁ!

ሐዘን ቸርቻሪው ግን ምን ያገኛል? አንድ ዘፈን ከሥር ካስገባ ቪዲዮው ካመጣው ገቢ ግማሹ ለሙዚቃው ባለመብቶች ይሄዳል፣ ሁለት ዘፈን ከሆነ ሁለት ሦስተኛው። የፈይሳን የሪዮ ቪዲዮ ቆርጦ ከለጠፈ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ባለመብት ነው፤ ሊያስነሳበት ይችላል። የሰው ቪዲዮ እየሰበሰበ ያለ ምንም የራሱ ሐሳብ ከለጠፈ፣ ቪው ቢሞላም ማመልከቻው ሲታይ ሊጣልበት ይችላል። ከሐምሌ 15 ቀን 2025 (በፈረንጅ) ጀምሮ ደግሞ ዩቲዩብ በጅምላ የሚመረትና እየተደጋገመ የሚመጣ ቪዲዮ ከማስታወቂያ ገቢ ውጭ መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። ፎቶ ደርድሮ ጽሑፍ ማንሸራተት ማለት ነው። ኤአይ መጠቀም በራሱ አልተከለከለም፤ እውነተኛ ሰው ያላለውን እንዳለ አስመስሎ ማቅረብ ግን ምልክት ሳይደረግበት አይለቀቅም። የሃጫሉን ድምፅ በኤአይ የምታናግሩ ልጆች፣ ኧረ በፈጠራችሁ! ቤተሰቡ አለ እኮ።

ፊት ማሳየት ግዴታ አይደለም፣ ይህን ልድገመው። እጅህ ይታይ፣ ድምፅህ ይሰማ። ፈረስ ሲጫን፣ ቅቤ ሲናጥ፣ ባጃጅ ሞተሩ ሲወርድ፣ አንድ አዛውንት ስለ ድሮዋ አምቦ ሲናገሩ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ታዲያ! አዛውንትን ሳያስፈቅዱ መቅረጽ ነውር ነው። በአፋን ኦሮሞ ተናገሩት፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥሩ አድርጉበት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰከንዶች በሰላምታ አታባክኑ፤ ቅቤው ከእንስራው ሲወጣ ጀምሩ፣ ሰላምታውን ለረዥሙ አቆዩት። እኔ ዛሬ በሰላምታ ጀመርኩ፣ ንግግር ስለሆነ ነው!

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ፦ ገንዘቡ የማን ነው? ገንዘቡ የሚሄደው አካውንቱ ወደተመዘገበበት ሰው ነው፣ ወደ ሠራው ልጅ አይደለም። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ የሚያካፍልባቸውን አገራት በዝርዝር ያወጣል። ከመጀመራችሁ በፊት ገብታችሁ ዝርዝሩን እዩ። የቲክቶክ የቪው ክፍያ ደግሞ በጥቂት አገራት ብቻ የሚሠራ ነው፣ እኛ አገር አይሠራም፤ ቲክቶክ ላይ የምታዩት የገንዘብ ወሬ የላይቭ ስጦታ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ልጅ ቻናሉን ውጭ ባለ ዘመድ ስም የሚከፍተው። ጥሩ ዘመድ ካለህ ተመስገን። ግን ሁለት ዓመት ሠርቶ በቅያሜ ቀን ቻናሉም ብሩም ከዘመድ ጋር የቀረበት ልጅ ጥቂት አይደለም። ድርሻችሁን ከመጀመሪያው በጽሑፍ ተስማሙ። የሥጋ ዘመድ ቢሆንም። በተለይ የሥጋ ዘመድ ከሆነ።

በራሳችሁ ስም ከሆነ ደግሞ ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ ጉግል አድራሻ ማረጋገጫ ፒን በፖስታ ይልካል፤ በ4 ወር ውስጥ ካላስገባችሁ ማስታወቂያው ይቆማል። ሰፈራችን ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ያለው ሰው ከአሁኑ ፈልጉ። ክፍያ የሚለቀቀው 100 ዶላር ሲሞላ ነው።

ፊት አለመታየቱ ከሕግ አይሰውርም፣ ይህንንም እወቁ። በአዋጅ 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 3 ዓመት እስር ሊደርስበት ይችላል። «ሰበር» እያላችሁ ሰው ያልሞተበትን ለቅሶ የምትጠሩ፣ ቪው ሲያድግ የሚያድገው ቪው ብቻ አይደለም። ወሬው ደርሶ የጎረቤት ቤት የሚቃጠልበትም ጊዜ አለ። እኛ ጎረቤት የሚያቃጥል ትግል አላስተማርንም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በስልክ ድምፅን ያለ ንፋስ ስለመቅረጽ እናወራለን። እስከዚያ ከየከተማችሁ አንድ ደቂቃ የማይሞላ፣ ዘፈን የሌለበት፣ በራሳችሁ ድምፅ የተነገረ ቪዲዮ ሥሩና በኢንቦክስ ላኩልን። የባኮና የጌዶ ልጆች፣ እስካሁን ከናንተ አንድም አልመጣልንም።