ተተከለ እንጂ መቼ ጸደቀ?

(በማኅበራችን አባሎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ሌላውን ለመምከር አይደለም፤ የራሳችንን ጉድለት ለመናገር ነው። ምክር ከራስ ሲጀመር ሰሚ ያገኛልና፣ ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡን እንለምናለን።

ዐምና በሐምሌ ወር እኛ የማኅበሩ አባሎች ችግኝ ተሸክመን ወደ እንጦጦ ወጣን። ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ባለው ዳገት ላይ ጉድጓድ ቆፍረን ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ተከልን። ዝናቡ ይወርድ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጥ ነበር፤ ቢሆንም ዘፈኑም ሣቁም አልጎደለም። በመጨረሻም ፎቶግራፍ ተነሥተን ወረድን፤ በዚሁ ጋዜጣችንም ላይ «ሥራው በሚገባ ተፈጸመ» ብለን ጻፍን።

ዘንድሮ በየካቲት አንዳንዶቻችን ወደዚያው ተመለስን። እውነቱን ለመናገር የሄድነው ችግኙን ልናይ ሳይሆን ከፈተና በኋላ አየር ልንቀበል ነበር። ስንደርስ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ሣሩም ቢጫ ሆኗል። ችግኞቻችንን እየፈለግን ብንቆጥር ከግማሽ የሚበልጠው ደርቋል። አንዳንዱን ከብት ቀጥፎታል። አንዳንዱን ግን ነቅለን ብናየው ሥሩ ገና በፕላስቲክ ከረጢቱ እንደ ታሰረ ነበር። ይህን ያደረገው ከብት አይደለም፤ እኛው ነን፤ ቶሎ ለመጨረስ ስንሽቀዳደም ከረጢቱን ሳንቀድ ቀብረነዋል።

በዚያ ሲያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ቆመው አዩን። መስቀል ተሳልመን ስናበቃ ምን እንደምንፈልግ ጠየቁን። «አባ፣ ዐምና የተከልነውን ልናይ ነው» አልናቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ተከላችሁት እንጂ መቼ አጸደቃችሁት?» አሉን።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ቃል ከጆሯችን አልወጣም። አማርኛችን ሥር ሰዶ የበቀለውን ችግኝ «ጸደቀ» ይለዋል፤ ለጻድቅ ሰው የሚሰጠውን ቃል ለችግኝም ይሰጠዋል። ሰው በአንድ ጧት እንደማይጸድቅ ሁሉ ችግኝም በአንድ ጧት አይጸድቅም። መትከል የዝናብ ቀን ሥራ ነው፤ ማጽደቅ ግን ሁለት ሦስት በጋ ውሃ ማመላለስ፣ መኮትኮት፣ ከብት መከልከል፣ በደረቀው ምትክ መትከል ነው። ለዚህኛው ሥራ ዘፈንም ፎቶግራፍም የለውም።

የተራራው ታሪክ ራሱ ይህን ያስተምረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በእንጦጦ ሲሰፍሩ በዙሪያው የነበረው ዛፍ ለቤትና ለማገዶ ተቆረጠ። ከተማው ወደ አዲስ አበባ ከወረደ በኋላም የእንጨቱ ችግር ጸና፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ከተማው ግን አልሄደም፤ የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን በቦታዋ ካቆዩአት ምክንያቶች ዋነኛው ዘሩ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍ በየሰው ግቢ ስለተተከለ ባለቤት ነበረው። ደግሞም ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡት እንኳ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥድና ወይራ ግን እንዲህ አይደሉም፤ ዝግ ብለው የሚያድጉ ስለሆኑ የሚጠብቃቸውን ሰው ትዕግሥት ይፈትናሉ። እኛ የተከልነው የአገራችንን ዛፍ ነው፤ የጠበቅነው ግን እንደ ባሕር ዛፍ በራሱ እንዲያድግልን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት ማስታወቁን ሁላችንም እናስታውሳለን። የተተከለውን ቁጥር በማታው ዜና መናገር ይቻላል። የጸደቀውን ለመናገር ግን ዓመታት ቆይቶ ተመልሶ መቁጠር ያስፈልጋል።

ስለ ምን አልተመለስንም? ስንፍና ብቻ ነው ብለን አናምንም። ተከላው በክረምት ይደረጋል፤ ከተከሉትም ብዙዎቹ ተመርቀው ይሄዳሉ። በመስከረም አዲስ ኮሚቴ ይመረጣል፤ አዲሱም ኮሚቴ ስሙ የሚጠራበትን አዲስ ሥራ መጀመር ይወዳል። የጀመረ ይጨበጨብለታል፤ የሌላውን ጅምር የፈጸመ ግን አይታወስም። አንድ ጊዜ ታትሞ የቀረውን መጽሔታችንንና ከገና በኋላ የተዘጋውን የማታ ትምህርታችንን የገደለው ይኸው ልማድ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ሁሉን የጀመሩትን መፈጸም አይቻልም፤ የሚያስቆም ምክንያት አለ» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ ከአሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ። ነገር ግን ማሞ ወልዴ በዚያው ሩጫ ስለነበረ ወርቁን ለአገሩ አስገኘ። በዚያው ቀን የታንዛኒያው ጆን ስቲፈን አኽዋሪ ወድቆ ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ፣ ማሞ ከገባ አንድ ሰዓት ካለፈ፣ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ እያነከሰ ስታዲየም ገባና ሩጫውን ፈጸመ። ከሦስቱ አንዱም አያሳፍርም። ማቆም ግድ የሆነበት ሰው በኋላው የሚቀጥል ካለ ሥራው አልቆመም። የሚያሳፍረው ሳይታመሙ፣ ተተኪም ሳይኖር፣ ፎቶግራፉ ስለተነሣ ብቻ መቅረት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። በሚመጣው ክረምት አዲስ ቦታ አንትከል፤ እዚያው እንጦጦ ተመልሰን በደረቁት ምትክ እንተካ። ለእያንዳንዱ ችግኝ ሁለት ባለአደራ ይኑረው፤ አንዱ ከላይኛው ክፍል፣ አንዱ ከአንደኛ ዓመት፤ አንዱ ሲመረቅ ሌላው እንዲቀር ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየሁለት ሳምንቱ በተራ ጀሪካን ተሸክመን እንውጣ። የሥነ ሕይወት መምህሮቻችን እንዲመክሩን እንለምናለን፤ ከረጢት መቅደድን እንኳ ያልተማርን መሆናችንን አይተዋል። በየሰኔውም የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ቁጥር፣ ትንሽም ቢሆን፣ በዚህ ጋዜጣ እናትም።

በየካቲቱ ያን ዳገት ባዶ እጃችንን ስንወርድ ማገዶ የተሸከሙ እናቶች በአጠገባችን ያልፉ ነበር። ወገባቸው ጎብጧል፤ መንገዱም ያዳልጣል። አንዳቸውም ግን ሸክሟን ከመንገድ ጥላ «ተሸክሜ ነበር» ስትል አላየንም፤ ከገበያው ያልደረሰ እንጨት እራት እንደማይሆን ታውቃለችና።

እኛም ዐምና «ተፈጸመ» ብለን የጻፍነውን ቃል ዛሬ በፊታችሁ እንሰርዛለን። ቃሉን መልሰን የምንጽፈው ያ ቄስ በዚያ ሲያልፉ ጸድቋል ሲሉን ነው።